ሥር ማሿ ሴት፦ ከሆሜር ደሴት እስከ ዓድዋ

የፋንታሲ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ሁሉ ይህችን ሴት ያውቃታል። ጎጆዋ ከመንደሩ ዳር ነው፤ ከጣሪያዋ ሥር ደረቅ ቅጠል ተንጠልጥሏል። ጀግናው በተመረዘ ጦር ሲወጋ ወይም ትኩሳት ሲጥለው ጓደኞቹ ተሸክመው ያመጡላታል። ቁስሉን ታጥባለች፣ ትቀባለች፣ አፍልታ ታጠጣዋለች፤ ሌሊቱን ከራስጌው ሳትነሣ ታድራለች። ሲነጋ ጀግናው ድኖ ወደ ጦርነቱ ይመለሳል፤ ተራኪውም እሱን ተከትሎ ይሄዳል። ሴትዮዋ ከዚያ ገጽ በኋላ አትታይም። ብዙ ጊዜ ስም እንኳ አይሰጣትም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የማታ ተረኛ ሆኜ ደንበኛ ሲቀንስ እነዚህን መጻሕፍት አነባለሁ፤ እወዳቸዋለሁም። ሙያዬ ግን ሌላ አንባቢ የማይጠይቀውን ያስጠይቀኛል። ቅጠሉን በየትኛው ወቅት ቀጠፈችው? ስንት ማንኪያ ሰጠችው? ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር መጠኑን ትቀንሳለች ወይ? መጀመሪያ የሞከረችበት ሰው ምን ሆነ? ይህን ሁሉስ ማን አስተማራት? ብዙዎቹ መጻሕፍት ለዚህ ያላቸው መልስ አንድ ነው፤ ተሰጥቷታል፣ ስትወለድ አብሯት የተወለደ ጸጋ ነው ይላሉ።

እኔ የምከራከረው ይህን መልስ ነው። ሴትን ባለ አስማት ማለት ሙገሳ ይመስላል። ነገር ግን ከእናት፣ ከአክስት፣ ከጎረቤት የተማረችውን፣ ሞክራ የጣለችውንና መጥና የያዘችውን ሁሉ በአንድ ቃል ይደመስስባታል። በእውነተኛው ታሪክም የሆነው ይኸው ነበር። ስለዚህ ልብ ወለዱንና ታሪኩን ጎን ለጎን አስኬዳቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሆሜር ሦስት ሴቶች

በአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ከሁሉ የታወቀችው ሥር ማሽ የሆሜሯ ሰርሲ ናት። በኦዲሴይ አሥረኛ መጽሐፍ በደሴቷ ያረፉትን የኦዲሲየስን ባልደረቦች ቤቷ ታስገባለች። አይብ፣ የገብስ ዱቄትና ማር በወይን ጠጅ በጥብጣ፣ መድኃኒቷን ጨምራ ታቀርብላቸዋለች። ጠጥተው በበትሯ ስትነካቸው አሳማ ይሆናሉ። ኦዲሲየስን ግን መድኃኒቷ አይይዘውም፤ ሄርሜስ የተባለው አምላክ ሥሩ ጥቁር፣ አበባው ነጭ የሆነ ሞሊ የሚባል ተክል አስቀድሞ ሰጥቶታልና። የእሷም የእሱም ቅጠል ነው፤ የእሷ ሸር ተባለ፣ የእሱ የአምላክ ስጦታ። ባልደረቦቹን መልሳ ሰው ያደረገቻቸውም ራሷ ሰርሲ ናት። ሌላ መድኃኒት ቀብታቸው ከበፊቱ ወጣትና መልከ መልካም ሆነው ተነሡ። ከተረቱ በሕዝብ አፍ የቀረው ግን አሳማው ነው።

እዚያው ሆሜር ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት ሴት አለች። በአራተኛው መጽሐፍ፣ በስፓርታ ቤተ መንግሥት፣ እንግዶቹ በትሮይ ጦርነት የሞቱባቸውን እያነሡ ሲያለቅሱ ሄለን ተነሥታ ሐዘን የሚያስረሳ መድኃኒት ወይናቸው ውስጥ ትጨምራለች። ከየት አመጣችው? ባለቅኔው በግልጽ ይነግረናል። የሰጠቻት ፖሊዳምና የምትባል የግብፅ ሴት፣ የቶን ሚስት ናት። የግብፅ ምድር የሚያድነውንም የሚገድለውንም ዕፅ እንደምታበቅል፣ የአገሩ ሰው ሁሉም ሐኪም እንደሆነ ይጨምራል። በኢሊያድ አሥራ አንደኛ መጽሐፍ ደግሞ አጋሜዴ የምትባል፣ ምድር የምታበቅለውን መድኃኒት ሁሉ የምታውቅ ሴት በአንድ መስመር ትጠቀሳለች።

ስለዚህ ከጥንቱ ጀምሮ ሁለት ሥዕል ነበረን። አንደኛው በደሴት ላይ ብቻዋን የምትኖር፣ ዕውቀቷ ከአማልክት ዘር የሚመዘዝ አስማተኛ ሴት ነው። ሁለተኛው ባሕር ተሻግሮ ከሴት ወደ ሴት የሚተላለፍ ሙያ ነው፤ መምህሯም ተማሪዋም በስም ይታወቃሉ። የኋላው ፋንታሲ የወረሰው የመጀመሪያውን ነው። ፖሊዳምናን ማን ያስታውሳታል?

መጽሐፉና ፈቃዱ

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ኢጣሊያ በሳሌርኖ ከተማ ትሮታ የምትባል ሐኪም ነበረች። ሳሌርኖ በዚያን ጊዜ በሕክምና ትምህርቷ በአውሮፓ ሁሉ የታወቀች ናት። ስለ ሴቶች ሕመምና ስለ ወሊድ የሚያስተምር፣ ከትሮታ ልምድ የመነጨ አንድ ድርሳን ከሌሎች ሁለት ድርሳናት ጋር ተጣምሮ ትሮቱላ በሚል መጠሪያ ለብዙ መቶ ዓመታት በእጅ እየተገለበጠ ተሠራበት። በ1566 በባዝል ከተማ በታተመ ጊዜ ግን አሳታሚው የድርሳኑ ደራሲ ኤሮስ የተባለ የጥንት ሮማዊ ወንድ ነው ብሎ አወጣው። በአንድ ኅትመት ሴቲቱ ከመጽሐፏ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ትሮታ የምትባል ሐኪም ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው ክርክር አራት መቶ ዓመት ፈጀ። በ1985 ጆን ቤንተን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በማድሪድ በሚገኝ ብራና ውስጥ በስሟ የተጻፈ ሌላ የሕክምና መጽሐፍ ማግኘቱን አሳወቀ። ከእሱ በኋላ ሞኒካ ግሪን የተባለች ምሁር ድርሳናቱን አንድ በአንድ ለያይታ የእሷ የሆነውንና ያልሆነውን አሳየች።

ትሮታ መጽሐፏን ተነጠቀች። ዣኮባ ፌሊሲ ደግሞ ሥራዋን ተነጠቀች። በ1322 የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ያለ ፈቃድ ታክማለች ብሎ ከሰሳት። የክሱን ዝርዝር ሳነብ የማየው አንዲት ጠንቃቃ ሐኪም በየቀኑ የምትሠራውን ነው፤ በሽተኛ ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች፣ ሽንት ትመረምራለች፣ የልብ ምት ትዳስሳለች፣ ከዕፅዋት የተቀመመ መጠጥ ታዛለች። ምስክሮች ቀረቡ፤ ወንዶችም ሴቶችም ነበሩ። የተማሩት ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውባቸው ሳሉ እሷ እንዳዳነቻቸው ተናገሩ። እሷም ሴት በሽተኛ ገላዋን ለወንድ ሐኪም ከማሳየት ሞትን የምትመርጥበት ጊዜ አለና፣ ሙያውን የምታውቅ ሴት ብታክማት ይሻላል ብላ ተከራከረች። ፍርዱ ግን በእሷ ላይ ሆነ፤ የስልሳ ሊቭር መቀጮና ከቤተ ክርስቲያን የመወገዝ ማስጠንቀቂያ።

ችሎቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ ልብ እንበል። ያከመቻቸው ድነዋል ወይ ብሎ አልተጨነቀም። የጠየቀው የት ተማርሽ የሚለውን ነበር፤ መማሪያው ቤት ደግሞ ለሴት የተዘጋ ነበር። በሩን የዘጋባት አካል ራሱ በበሩ ስላልገባች ቀጣት።

ሕግ ሁሉ በዚህ መንገድ ብቻ አልሄደም። እንግሊዝ አገር በ1540ዎቹ፣ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን፣ የቅጠልን፣ የሥርንና የውኃን ጠባይ የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ቁስልንና እብጠትን የመሳሰለውን እንዲያክም የሚፈቅድ ሕግ ወጥቷል። የሕጉ መግቢያ የለንደን ቀዶ ሐኪሞች ለራሳቸው ጥቅም ብለው ቅን ወንዶችንና ሴቶችን በክስ አስቸግረዋል ይላል። ሴቶቹ እንደነበሩ፣ ሕዝቡም እንደሚፈልጋቸው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እሳቱና የእሳቱ ተረት

በፋንታሲ ውስጥ ሥር ማሿ መንደሩ ሲነሣባት ብዙ ጊዜ መጨረሻዋ እሳት ነው። ይህም ከእውነተኛ ደም የመጣ ነው። በ1480ዎቹ ሃይንሪሽ ክራመር የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ ጠንቋዮችን ስለ ማደን በጻፈው መጽሐፍ አዋላጆችን ከሃይማኖት ጠላቶች ሁሉ የከፉ አድርጎ አቀረባቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1590፣ ስኮትላንድ ውስጥ ትራነንት በተባለች ከተማ ጌሊስ ደንከን የምትባል የአንድ ሹም ቤት ሠራተኛ ነበረች። በሽተኞችን ማዳን ጀመረች። ጌታዋ ይህን ዕውቀት ከየት አመጣሽ አላት። ጣቷን በመጭመቂያ ብረት ሲያሠቃዩአት የሌሎች ሴቶችን ስም ጠራች። ከነሱ አንዷ አግነስ ሳምፕሰን ናት፤ በአካባቢዋ የታወቀች አዋላጅና ሐኪም። ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ ከዴንማርክ ሙሽራውን ይዞ ሲመለስ መርከቡን ያናወጠውን ማዕበል ያስነሡት ጠንቋዮች ናቸው ብሎ ያምን ነበርና አግነስን ራሱ መረመራት። በ1591 ኤድንብራ ላይ ተገደለች። ጌሊስም በዚያው ዓመት ተገደለች።

ዲያና ጋባልደን በ1991 ባሳተመችው አውትላንደር በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ የምናገኛት መድኃኒት ቀማሚ ጌሊስ ደንከን ስሟን የወሰደችው ከዚህች ሴት ነው። ጣቷ የተጨመቀው ገረድ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ምስጢራዊና አስፈሪ ውበት ሆና ተመለሰች።

እዚህ ላይ ግን እኛ ሴቶችም ልንጠነቀቅ ይገባል። በ1973 ባርባራ ኧረንራይክና ዴርድሬ ኢንግሊሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ፌሚኒስቶች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ጠንቋይ ተብለው የተገደሉት ሴቶች በአመዛኙ የሕዝብ ሐኪሞችና አዋላጆች ነበሩ፤ ዘመቻውም የወንድ ሐኪሞችን ሥልጣን ለመትከል አገልግሏል የሚል ነው። መጽሐፏ የብዙ ሴቶችን ዓይን ከፍታለች፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ፋንታሲም ከእሷ ብዙ ቀድቷል። የታሪክ ምሁራን የችሎት መዝገቦችን ሲያገላብጡ ያገኙት ግን ሌላ ነው። በመላ አውሮፓ የተገደሉት ከ40 እስከ 60 ሺህ ይገመታሉ፤ ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ሐኪምም አዋላጅም አልነበሩም። ከጎረቤት ጋር የተጣሉ፣ ባል የሞተባቸው፣ ደጅ ለደጅ የሚለምኑ ድሆች ነበሩ። በአይስላንድ ከተገደሉት የሚበዙት ወንዶች ናቸው።

እውነቱን መያዝ ለሴቶቹ ክብር የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሥር ማሿን በአመዛኙ ከሙያዋ ያስወጣት የፈቃድ ወረቀት፣ የማኅበር መታወቂያ፣ የኅትመት ሽፋንና የመቀጮ ደረሰኝ ነው። እነዚህ እሳት ስለሌላቸው ለልብ ወለድ አይመቹም። ዛሬም ግን የሚሠራው ይህኛው መንገድ ነው፤ እሳቱን ብቻ ስንፈልግ ወረቀቱ በፊታችን ያልፋል።

የሽሮፕሺሯ ሴት

ዳይጎክሲን የሚባለውን ክኒን ለደንበኞቼ እሰጣለሁ። ለደከመ ልብና ለተዛባ የልብ ምት ይታዘዛል። አንዱ ፍሬ 0.25 ሚሊግራም ብቻ ነው። በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ለወሳጁ ሁሌም አጥብቄ እናገራለሁ፤ ካቅለሸለሸህ፣ ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ከታየህ፣ የልብህ ምት ከዘገየ ሳትውል ሳታድር ሐኪምህ ዘንድ ሂድ።

የዚህ ዓይነቱ መድኃኒት ታሪክ የሚጀምረው ከአንዲት ሴት ነው። በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ የዕፅዋትም ሊቅ፣ ሰውነታቸው በውኃ ያበጠ ሰዎችን ስለሚፈውስ አንድ የቤተሰብ መድኃኒት ሐሳቡን ተጠየቀ። መድኃኒቱን በሽሮፕሺር አውራጃ የምትኖር አንዲት አሮጊት በምስጢር ይዛው ኖራለች፤ ሐኪሞች ካቃታቸው በኋላ እሷ ያዳነቻቸው ነበሩ። ቅመሙ ሃያ ወይም ከዚያ በላይ ዕፅዋት ነበረበት። ዊዘሪንግ አይቶ ሠሪው ፎክስግላቭ የተባለው፣ አበባው እንደ ጓንት ጣት የሆነው ተክል መሆኑን ለየ። አሥር ዓመት ሙሉ በበሽተኞቹ ላይ መጠኑን እያስተካከለ ሠራበት፤ ከ150 በላይ በሽተኞችን፣ የዳኑትንም የሞቱትንም ሳይደብቅ በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ መዘገበ። ሥራው የሚያኮራ ነው። ቅጠሉ መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ዱቄቱ ስንት እንደሚመዘን ያስተማረን እሱ ነው፤ ማንም ፋርማሲስት ባለ ዕዳው ነው።

የሴትዮዋን ስም ግን አልጻፈም። በመጽሐፉ ውስጥ የሽሮፕሺር አሮጊት ተብላ ትታወሳለች፤ በቃ። በ1928 ግን ድንገት ስም አገኘች። አንድ የአሜሪካ መድኃኒት ፋብሪካ ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ማዘር ሃተን ተብላ፣ ከዊዘሪንግ ጋር ስትነጋገር ተሥላ ወጣች። ያ ስም ከማስታወቂያው ወደ ሕክምና መጻሕፍት ገብቶ ለብዙ ዓመታት እንደ እውነት ተደገመ፤ ፈጠራ መሆኑን ምሁራን ያጋለጡት ቆይተው ነው። እውነተኛዋ ሴት ስሟን አጣች፤ በቦታዋ የፋንታሲ አሮጊት ተተካች። ልብ ወለዱና ታሪኩ እንደዚህ ፊት ለፊት የተጋጠሙበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

እስቲ የሴትዮዋን ሥራ እንመዝነው። ፎክስግላቭ ገዳይ ነው። ትንሽ ሲበዛ ልብ ያቆማል። እሷ ግን ሰው ታድንበት ነበር፤ ዝናዋ ሐኪሙ ጆሮ የደረሰውም ስላዳነች ነው። ሚዛን ሳይኖራት፣ ቤተ ሙከራ ሳይኖራት፣ ይህን ያህል ጠባብ በሆነ መንገድ ላይ ሰው አሳልፋለች። ይህ ጸጋ ሊባል አይችልም። ትምህርት ነው፤ ምናልባትም በብዙ ትውልድ የተገዛ ትምህርት።

ልብ ወለዱ ራሱን ሲያርም

ቶልኪን በ1955 ባሳተመው ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ ውስጥ አዮሬት የምትባል፣ በአንዲት ከተማ ሕሙማን ቤት የምታገለግል አሮጊት አለች። የንጉሥ እጅ የፈዋሽ እጅ ነው የሚለውን የቆየ አባባል አስታውሳ ከአፏ የምታወጣው እሷ ናት፤ ያ ንግግር ባይኖር ንጉሡ የቆሰሉትን ለመፈወስ ባልተጠራ። አተላስ የሚባለው ቅጠል በሌላ ስሙ ሲነገራት ታውቀዋለች፤ በጫካ አይታዋለች። የሕሙማን ቤቱ መድኃኒት ዐዋቂ ወንድ ደግሞ የቅጠሉን ጥንታዊ ስሞች ሁሉ ይዘረዝራል፤ ቅጠሉ ግን መጋዘኑ ውስጥ የለም። ደራሲው ግን አዮሬትን ወሬኛ አድርጎ ያስቅባታል። ያው ቅጠል በተራ ሰው እጅ ራስ ምታት ያስታግሣል፤ በንጉሡ እጅ ከሞት ይመልሳል። መድኃኒቱ የደም ጉዳይ ሆነ። ቶልኪን ታላቅ ደራሲ ነው፤ ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር ግን ለአዮሬት እቆረቆራለሁ።

ኡርሱላ ለጉዊን በ1968 ኧርዝሲ የተባለውን የደሴቶች ዓለም ስትፈጥር እሷም የተለመደውን ተከትላ ነበር። የሮክ ደሴት የአስማት ትምህርት ቤት የወንዶች ብቻ ነው፤ በአገሩ ተረትና ምሳሌ የሴት አስማት ደካማም ክፉም ነው ይባላል። ዋናውን ልጅ ጌድን መጀመሪያ ያስተማረችው ግን የመንደር ጠንቋይ አክስቱ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ቆይታ በ1990 ቴሃኑ የተባለውን መጽሐፍ ጻፈች። ባለታሪኳ ባሏ የሞተባት ገበሬ ሴት ቴናር ናት፤ ወንዶች በእሳት ያቃጠሏትን ሕፃን ታሳድጋለች። የልጅቱን ጠባሳ የሚያጠፋ አስማት የለም። ያለው ማጠብ፣ መቀባት፣ ማጉረስ፣ ሌሊት ስትባንን ማቀፍ ነው። ሞስ የምትባለው የመንደሩ ጠንቋይም እውነትንና አጉል እምነትን ደባልቃ የምትናገር፣ ያልታጠበች፣ ግን የምትጠቅም ሴት ሆና ቀርባለች፤ ለጉዊን አላሳመረቻትም። በ2001 ደግሞ ለጉዊን ወደ ኋላ ተመልሳ የሮክ ትምህርት ቤት ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል ሴቶች እንደነበሩና በኋላ እንደተገፉ ተረከች። ትሮታን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የሳሌርኖና የባዝል ታሪክ ነው።

ሌሎችም ተከተሉ። ቴሪ ፕራቸት በ1987 ባወጣው ልብ ወለድ ግራኒ ዌዘርዋክስ የምትባል ቆፍጣና አዋላጅና ቅጠል ዐዋቂ ሴት ፈጠረ፤ በዚያው መጽሐፍ አንዲት ልጅ የወንዶች ብቻ በሆነው የአስማት ዩኒቨርሲቲ ለመማር ትታገላለች። ጁልየት ማሪልየር በ1999 ባሳተመችው ዶተር ኦፍ ዘ ፎረስት ሶርካ የምትባለውን ልጅ ባለታሪክ ስታደርግ ዕፅዋት ቀማሚነቷን የመጽሐፉ ልብ አድርጋዋለች። ማድሊን ሚለር በ2018 ራሷን ሰርሲን አነሣቻት። በዚህ መጽሐፍ ሰርሲ በየጫካው ትዞራለች፣ ትቆፍራለች፣ ታደርቃለች፣ ትቀጠቅጣለች፤ ይከሽፍባታል፣ ደግማ ትሞክራለች። ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ሰርሲ ላቧ ሲንጠባጠብ አየኋት፤ እንደ ባለሙያ ደስ አለኝ።

በእኛ ቤት

ይህን ሁሉ ሳነብ የሩቅ አገር ነገር ሆኖ አይታየኝም። አያቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ኮሶ ታጠጣ ነበር። አበባውን አድርቃ፣ ፈጭታ፣ በጥብጣ በባዶ ሆድ ትሰጣለች። ለጎልማሳ የሚሰጠውን በእፍኟ ትለካለች፤ ለልጅ ከዚያ ታሳንሳለች። ለነፍሰ ጡር ግን ምንም ቢለምኗት አትሰጥም። እኔ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ገብቼ ኮሶ ማሕፀንን ሊጎዳና ጽንስ ሊያስወርድ እንደሚችል ስማር አያቴ ቀድማ አስተምራኝ ነበር። ያን ክልከላ ለማወቅ ስንት ሴት እንደተጎዳች ማሰብ ያስጨንቀኛል።

የኮሶ ዛፍ በሳይንስ መዝገብ የገባው በሌላ መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። በማግሥቱ ዓመት ካርል ሃገን በተባለ የኮኒግስበርግ ሊቅ ስም ሃገኒያ ተባለ፤ እስከ ዛሬም መጠሪያው ይኸው ነው። በ1824 ደግሞ ብራየር በተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ብራዬራ ተባለ። ሦስት ጊዜ ተጠመቀ፣ ሦስቴም በአውሮፓ ወንዶች ስም።

በአገር ውስጥም ክፍፍል ነበረን። ደብተራው መድኃኒቱን በግእዝና በአማርኛ በብራና ይጽፋል፤ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለ ፖላንዳዊ ምሁር ከነዚህ መጻሕፍት የተወሰኑትን ተርጉሞ በ1968 አሳትሟል። ለምች ዳማከሴ የምታሸው፣ ፌጦ የምትወቅጠው፣ ጤና አዳም ከጓሮዋ የማይጠፋው፣ እትብት የምትቆርጠው ሴት ግን ብራና አልነበራትም። ስለዚህ የእሱ ጥበብ፣ የእሷ ጓዳ ተባለ።

ከሁሉ የሚነካኝ የእንዶድ ታሪክ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። አክሊሉ ያንን ማስተዋላቸው የሳይንስ ዓይን ነው፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት ደክመውበት በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ የሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ዜብራ መስል የሚባለውን የውኃ ቱቦ የሚደፍን ፍጡር ለመግደል በእንዶድ መጠቀምን በፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበ። በወንዙ ዳር የነበሩት ሴቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ አሉ፤ አጣቢዎች ተብለው፣ በብዙ ቁጥር፣ ያለ ስም። የእንዶዱን ፍሬ መቼ እንደሚለቅሙ፣ እንዴት እንደሚያደርቁና ስንት እንደሚበጠብጡ ግን ያውቁ የነበሩት እነሱ ናቸው። ዊዘሪንግና የሽሮፕሺሯ አሮጊት ዓድዋ ላይ ደግመው ተገናኙ ማለት ይቻላል።

በ2006 የወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀትና የዕፅዋትን ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ማኅበረሰብ የሚለው ጥላ ሰፊ ነው፤ አንዲት ሴት ከሥሩ በቀላሉ ትሰወራለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው ለደራሲዎቻችን ነው። በአማርኛ ፋንታሲ መጻፍ የጀመራችሁ ወጣቶች ሥር ማሽ ሴት ስታስገቡ መምህር ስጧት፤ የተሳሳተችበት ቀን፣ የምትለካበት እፍኝ፣ ለድካሟ የምትቀበለው ዋጋ ይኑራት። ጀግናው ድኖ ሲሄድ አንድ ምዕራፍ እሷ ዘንድ ቆዩ። ሁለተኛው የመድኃኒት ዕፅዋትን ለሚያጠኑ ባልደረቦቼ ነው። ሠንጠረዣችሁ የላቲን ስም፣ የአማርኛ ስም፣ የሚያገለግለው ክፍል፣ የሚያድነው በሽታ የሚሉ ዓምዶች አሉት። አንድ ዓምድ ጨምሩበት፤ የነገረቻችሁን ሴት ስም፣ እሷ ከፈቀደች። ያስተማረቻትንም ሴት ስም ጠይቋት፤ እሱንም ጻፉት።